የቀዛፊው ታናሽ ልጅ

ባሕር ዳር፣ የካቲት

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእህትነት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የትምህርት ቤቱ ነገርስ እንዴት ይዞሻል? አባባስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአንድ ጥርጣሬ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል ትይ ይሆናል። ስልኩንማ አየነው። ከመስከረም ወዲህ አባባን አገናኚኝ ባልሁሽ ቁጥር መልስሽ አንድ ነው፤ ተኝተዋል። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኝተዋል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኝተዋል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳይቀር ተኝተዋል። ማሕሌት ቆመው አድረው ጧት ተማሪ ዜማ የሚያስቀጽሉ ሰው መቼ ነው እንዲህ እንቅልፍ የለመዱት? ጠበቅ አድርጌ ስጠይቅሽ ደግሞ ኔትወርኩ ይቆራረጥብሻል። ስለ ጎረቤት ስናወራ ደኅና የነበረ ኔትወርክ ስለ አባባ ሳነሣ ብቻ እንዴት ይጠፋል? ወረቀት አይቆራረጥም ብዬ ነው የጻፍሁልሽ። የሚያደርስልሽ መልካሙ ነው፣ የደልጊው እህል ነጋዴ። በእጅሽ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳይሰጠው አደራ ብዬዋለሁ።

ተጠራጣሪ ነሽ ትይኛለሽ። ነኝ። ሥራዬን ታውቂው የለም? ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ መርማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ሲያልፍ እያየሁ የተዘለለ ክር፣ የተቋጠረ ክር፣ ቀለም ያልያዘ ቦታ እፈልጋለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ዓይኑ ደኅናውን ነገር ማየት ይተዋል። ጓደኛዬ ሔራን አንቺ ሰላምታም ትመረምሪያለሽ ትለኛለች። እና ይህን ስታነቢ ጠባይዋ ነው ብለሽ ልታልፊው ትችያለሽ። እባክሽ አትለፊው።

ወደ ነገሬ ልግባ። በቴሌግራም በየዓርቡ አንድ ምዕራፍ የሚወጣ ልብ ወለድ አለ፤ «ሰባቱ ደሴቶች» ይባላል። ደራሲው ስሙን አይናገርም። ታሪኩ የትም በሌለ አገር ነው፤ ዳርቻው የማይታይ ባሕር፣ በላዩ ሰባት ደሴቶች፣ የሚዋጉ ነገሥታት፣ ውኃን በዜማ የሚያዝዙ ሰዎች። እነዚህ ሰዎች ቀዛፊዎች ይባላሉ። ቀዛፊ የሚሆን ሰው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታት ፈጅቶ ዜማውን በቃሉ ይይዛል፤ መጻፍ ክልክል ነው። ከዚያ ውኃው ዳር ቆሞ ሲያዜም ውኃው ይቆማል፣ ይከፈላል፣ መርከብ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ታዲያ ዜማው ባለቀ ቁጥር ደራሲው አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፤ «ውኃውም ድርሻውን ወሰደ» ይላል። ድርሻው ምን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልጻፈውም።

የእኛ ሥራ እሱን ማወቅ ነው። አትሳቂብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ካለ ጭማቂ ቤት አሥር አሥራ አምስት ሆነን እንሰበሰብና እንከራከራለን። ቲዎሪ እንለዋለን፤ ደራሲው ከጻፈው ተነሥቶ ያልጻፈውን መገመት ነው። ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ግሩም የሚባል ሰው አለ፤ የአስማቱን ሕጎች በሙሉ ቁጥር ሰጥቶ በደብተር አስፍሯቸዋል። የትኛው ዜማ በየትኛው ነፋስ እንደሚሠራ እሱን ነው የምንጠይቀው። እሱ እንደሚለው ውኃው የሚወስደው ዕድሜ ነው። ባንክ የምትሠራው ሔራን ደግሞ ድምፅ ነው ትላለች፤ ቀዛፊው ሲሸመግል ጭራሽ ድዳ ይሆናል ብላ ትጠብቃለች። በዚህ የተነሣ ሁለቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈዋል። ደራሲውማ አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ነው ብለን ሁላችንም ተስማምተን ነበር።

እኔ ያየሁት ሌላ ነበር። ከምዕራፍ ሠላሳ አንድ ወዲህ ስሕተት ማየት ጀመርሁ። ወደ ምሥራቅ ሲፈስ የነበረው ወንዝ ወደ ምዕራብ ይፈሳል። በምዕራፍ ሃያ ሁለት የተቀበረ የጦር አለቃ በሠላሳ ሦስት ተቀምጦ እራት ይበላል፤ ማንም አይደነግጥም። ከሁሉ የባሰው ግን የዋናው ቀዛፊ ነገር ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። በምዕራፍ ሠላሳ አንድ «ያለችው አንዲት ልጅ ናት» ይላል። ታናሿ አልሞተችም፣ አልተዳረችም፣ አልኮበለለችም። ዝም ብላ የለችም። የጭማቂ ቤቱ ሰው ደራሲው ዘንግቶ ነው አለ። እኔ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርሁ። ሠላሳ ምዕራፍ ሙሉ አንዲት ክር ሳይዘል የሸመነ ሰው የገዛ ባለታሪኩን ልጅ አይዘነጋም፣ ሆን ብሎ ነው አልሁ።

ቲዎሪዬ ይኸው ነው። ውኃው የሚወስደው ቀዛፊው የሚያውቀውን ነው። ባዜመ ቁጥር ከሚያውቀው ነገር አንዱ ይሄዳል፤ መጨረሻ ያወቀው መጀመሪያ ይሄዳል። ታሪኩ የሚነገረው በቀዛፊው ዓይን ስለሆነ እሱ ያጣው ነገር ከመጽሐፉም ይጠፋል። ታናሿ ከታላቋ በኋላ ነው የተወለደችው፤ ስለዚህ ቀድማ ሄደች። ማስረጃዬን ከየምዕራፉ ለቅሜ፣ ሦስት ገጽ ጽፌ፣ በስሜ ለቻናሉ ላክሁት። በማግሥቱ ቻናሉ ራሱ አወጣው። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ወደደው። ቅዳሜ ዕለት ግሩም ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ፤ የራሱን ቲዎሪ ከደብተሩ ላይ በእስክርቢቶ ሰረዘው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሔራን ግን ታናሿ ትመለሳለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አትመለስም አልሁ። በሕጉ መሠረት ውኃው የወሰደውን መልሶ አያውቅም ብዬ አስረዳኋት፤ ኩራቴን ብታዪ።

ኩራቱ ሁለት ቀን አልቆየም። እሑድ ቲዎሪዬን ላጠናክር ብዬ ከምዕራፍ አንድ ጀምሬ እንደገና ሳነብ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ደረስሁ። መጀመሪያ ሳነበው ጦርነቱ አጓጉቶኝ ሮጬ ያለፍሁት ነው። እዚያ ላይ የቀዛፊው ልጆች በደንገል ታንኳ ተቀምጠዋል። ታናሿ የአባቷን የነሐስ ቃጭል ይዛ ስትጫወት ያመልጣትና ውኃ ውስጥ ይገባል። ታላቋ እኔ ነኝ የጣልሁት ብላ ትገረፋለች።

እህቴ፣ ቃጭሉን ትተሽ ጸናጽል በይው። እኔ ሰባት ዓመቴ፣ አንቺ አሥራ ሁለት። መምህራቸው ለአባባ ያወረሷቸው ያ ጸናጽል እስከ ዛሬ ጣና ውስጥ ነው። ከእኔ እጅ መውደቁን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ለማንም ላንናገር ተማምለናል፤ እኔ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም።

ስለዚህ ደራሲዋ አንቺ ነሽ አልሁ። ሌላ ማን ይሆናል? አማርኛ መምህርት ነሽ፤ ግዕዙንም ከአባባ ለቃቅመሻል። አባባን እንዳልጠረጥር፣ ልብ ወለድ ማንበብ እንኳ ጊዜ መግደል ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ለእኛ ተረት ሲነግሩን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከድጓቸው ሌላ ቃል ከአፋቸው አይወጣም ነበር። እና አንቺ ነሽ ብዬ ቆረጥሁ፤ ከዚያ ደሜ ፈላ። ለምን አጠፋሽኝ? ለፋሲካ ስላልመጣሁ ነው? ፋብሪካው ፈቃድ ከለከለኝ ያልሁሽ ውሸት ነበር፤ ይኸው ተናዘዝሁ። ከእነ ሔራን ጋር ጢስ ዓባይ ሄጄ ነው። አባባን አንቺ ላይ ጥዬ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆኖኛል የቤታችንን ደፍ ከረገጥሁ። አንድ ቀን በአፍሽ ወቅሰሽኝ አታውቂም፤ ስለዚህ በመጽሐፍ ወቀስሽኝ አልሁ። ያን ሁሉ ንጉሥና ወታደር በወግ ገድለሽ ስትቀብሪ፣ እኔን መግደል እንኳ አላሰኘሽም። ጭራሽ እንዳልተወለድሁ አደረግሽኝ። ይህን ያህል የምትጠዪኝ አይመስለኝም ነበር።

እስከዚህ የጻፍሁት ሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። አልቀድደውም፤ ምን ስጠረጥርሽ እንደሰነበትሁ እወቂው።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት መልካሙ ፋብሪካው በር ድረስ መጣ፤ ዓርብ እመለሳለሁ፣ ደብዳቤሽን አዘጋጂ ሊለኝ ነው። እኔ ደግሞ ላወጣጣው አሰብሁ። እህቴ መቼም ሁልጊዜ ስትጽፍ ነው የምትውለው፣ አይደል? አልሁት እንደ ዘበት። ሳቀ። «እሷማ የምትጽፍበት ጊዜ ከየት አላት? የሚጽፉት መሪጌታ ናቸው» አለኝ። ቆላ ድባ ገበያ በሄደ ቁጥር ደብተር እንዲያመጣ ታዢዋለሽ አለ። አባባ ከበሩ ፊት ከዛፉ ጥላ ተቀምጠው ጧት የጀመሩትን ማታ ነው የሚያቆሙት፤ አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ደብተሩን ተቀብለሽ በስልክሽ ፊደል በፊደል እየለቀምሽ ትጽፊዋለሽ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ደስ እያለው ነበር። ከዚያ በድንገት ወሬውን ወደ እህል ዋጋ ለወጠ። ስለ ጤናቸው ጠየቅሁት፤ ደኅና ናቸው አለ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ለቀቅ አላደረግሁትም። በመጨረሻ እንዳትነግራት ብላ አስምላኝ ነበር ብሎ አንቺን ወቀሰና ተናገረ።

የጥምቀት ማግሥት ሊጠይቃቸው ሄዶ ነው። አባባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አቅፈው ሳሙት። አገኘሁ ብለው ጠሩት። አገኘሁ የመልካሙ አባት ናቸው፤ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው ነው። ከዚያ በሬው ተገኘ ወይ? ብለው ጠየቁት። መልካሙ ገና ጡት ሳይተው የጠፋ በሬ ነው፤ እሱ እንኳ በወሬ ነው የሚያውቀው።

«ተገኝቷል አልኋቸው» አለኝ። «ደስ አላቸው። ተመስገን አሉና ደብተራቸውን አነሡ።»

ከሰዓት ስንት ጥቅል ጨርቅ በፊቴ እንዳለፈ አላውቅም። ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ ሐይቁ ዳር ተቀመጥሁና እሑድ በንዴት ያቋረጥሁትን ምዕራፍ ዘጠኝን እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ አነበብሁት። እኔና አንቺ ታንኳው ላይ ነበርን፤ ጀርባችንን ለዳሩ ሰጥተን። መጽሐፉ የሚለው ግን «ሁለት ትንንሽ ጀርባዎች» ነው። ደንገሉ መካከል ቆሞ ቃጭሉ ከማን እጅ እንደወደቀ ያየ አባት አለ። አይቶ አልተጣራም። ቤት ገብቶ ታላቂቱ ስትዋሸው ውሸቷን ተቀበላት፤ የታናሽ እህቷን ጥፋት የተሸከመች ልጅ እንዳትዋረድ ብሎ። አለንጋውን ሲያነሣ ከፍ አድርጎ፣ ሲያወርደው ቀስ አድርጎ ነበር ይላል። እህቴ፣ እውነት ቀስ ብሎ ነበር ያረፈው? እኔ ውጭ ቆሜ ጆሮዬን ደፍኜ ነበር። ያለቀስሽው ለይምሰል ነበር እንዴ? ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ግርፊያ ስከፍልሽ የኖርሁ መስሎኝ፣ ሦስታችንም እያወቅን ነው ዝም የተባባልነው።

እንደ ልማዴ አንድ ማስረጃ አልበቃኝም። ለግሩም ደወልሁና ዜማዎቹስ ላይ ስሕተት አግኝተህ ታውቃለህ ወይ? አልሁት። የሚገርመው እሱ ነው አለኝ። በምዕራፍ ሦስት ያለው ረጅሙ ዜማ በምዕራፍ ሠላሳ ዘጠኝ ሲደገም ከደብተሩ ጋር አስተያይቶት ነበር፤ አርባ አራት ስንኝ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የሰዉ ስም ይዘባረቃል፣ ወንዙ ይገለበጣል፣ ዜማው ግን ንቅንቅ አይልም። ግሩም ይህን አዲስ ሕግ ነው ብሎ ቁጥር ሊሰጠው ነው። በርታ ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። አባባ በወጣትነታቸው ውጠው የያዙት ነው፤ ተማሪ ከማዶ ሆኖ አንዲት የዜማ ምልክት ሲስት ያለ መጽሐፍ ከተቀመጡበት ሆነው የሚያርሙ ሰው እንደነበሩ ለእሱ ምን ይረባዋል?

አሁን ጥርጣሬዬ እንደገና ወደ አንቺ ተመልሷል፤ ግን የሰኞው ዓይነት አይደለም። እስከ ምዕራፍ ሠላሳ ድረስ አንድም ስሕተት የለም። አባባ በምዕራፍ ሠላሳ አንድ ላይ በአንድ ጊዜ መሳት አልጀመሩም፤ ስትለቅሚው እያረምሽ ነበር። የሞተውን እየቀበርሽ፣ ወንዙን ወደ ቦታው እየመለስሽ ነበር። ታዲያ «አንዲት ልጅ» የሚለው ጋ ስትደርሺ እጅሽ ለምን ቆመ? አንዲት ቃል ለውጠሽ ሁለት ማድረግ አቅቶሽ ነው? አይመስለኝም። እስከዚያ ሁሉን አርመሽ ከዚህች ጀምሮ የተውሽው እንዳያት ነው። በአፍሽ ልትነግሪኝ አልቻልሽም፤ ጉድፍ የማያመልጣት አንዲት አንባቢ አለች ብለሽ ነው። ከሆነ፣ አየሁት። አይቼ ግን ቲዎሪ አደረግሁት፤ ሁለት ሺህ ሰው አጨበጨበልኝ። ያንን ሦስት ገጽ ተቀብለሽ ለሕዝብ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ቃል በቃል ስታነቢው ምን አልሽ? ተናደድሽብኝ ወይስ አዘንሽልኝ? ከቻልሽ ይህን አንድ ነገር መልሺልኝ።

ደግሞ ሕጉን እኔ ስላወጣሁት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። መጨረሻ ያወቁት መጀመሪያ ይሄዳል። ከታናሿ ቀጥሎ ማን እንደሆነች አንቺም ቆጥረሽዋል። ይህን እያወቅሽ በየቀኑ ደብተር እየተቀበልሽ ብቻሽን ተቀመጥሽ፤ ለእኔ ግን ተኝተዋል ትያለሽ። ተቆጥቼብሻለሁ። ከዚህ በፊት እንዲህ ወድጄሽም አላውቅም። ቲዎሪዬ ስሕተት እንዲሆን በየቤተ ክርስቲያኑ እየተሳልሁ ነው፤ የጭማቂ ቤቱ ሰው ቢሰማኝ ይታዘበኛል።

ፈቃድ ወስጃለሁ፤ የሚመጣው ረቡዕ ደልጊ እገባለሁ። ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ደብተሮቹን በሙሉ አስቀምጪልኝ፤ እሳቸው የሳቱትን አንቺ ያረምሽበትን ሳይሆን በእጃቸው የጻፉትን ማየት እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ይህ ነው። እንደምመጣ አትንገሪያቸው። ፎቶዬን አታሳዪያቸው፤ ስሜን አታስጠኚያቸው፤ ነጠላዬንም እንዳንቺ አጣፍቼ እመጣለሁና እኔን መሰለች ብለሽ አትሳቂ። ከዛፉ ሥር አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ቀና ብለው አይተውኝ «የማን ልጅ ነሽ?» ቢሉኝ፣ እህቴ፣ አንቺ ፈጥነሽ አትመልሺልኝ። እኔው ልንገራቸው።

እስከዚያ በጸሎታቸው አንለይ። እጅሽን እግዚአብሔር ያበርታው፤ ወገብሽን ይማርልሽ። መልካሙን አትቆጪው፤ እኔ ነኝ ያስጨነቅሁት።

የምታፈቅርሽ ታናሽ እህትሽ